ልጄን በደረቴ ያሞቀልኝ አምላክ

እግዚአብሔር ይመስገን! በፍልሰታ ጾም፣ በዚያ የደብረ ብርሃን የነሐሴ ብርድ ያደረገልኝን ልመስክር።

ምጤ ያለ ጊዜው፣ በሰባተኛው ወር መጣ። ልጄ ስትመዘን 1.5 ኪሎ ሆነች። ቆዳዋ ከመሳሳቱ የተነሳ ደም ስሯ ይታያል። እግሯን ስነካው በረዶ ነው። ማሞቂያ ክፍሉ ደግሞ ሞልቷል፤ በአንዱ ማሽን ሁለት ሕፃናት ተኝተዋል። «እመቤቴ፣ አንድ ማሞቂያ ብቻ አስገኚልኝ» እያልኩ አለቀስኩ። ሱባኤ የያዘችው እናቴም ከቅዳሴ መልስ ጠበል ይዛልኝ መጣች። አብረን ለመንን።

ማሽኑ አልተገኘም። የመጣችልኝ አንዲት ሲስተር ናት። «ከላይ ልብስሽን አውልቂ፤ ማሞቂያዋ አንቺ ነሽ» አለችኝ። ልጄን በዳይፐር፣ በኮፍያና በካልሲ ብቻ አድርጋ ጡቶቼ መሃል ቀጥ አድርጋ አስቀመጠቻት። ጭንቅላቷን ወደ ጎን አዞረች። እግሮቿን እንደ እንቁራሪት አጠፈች። ከዚያ በጨርቅ አንድ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረችን፤ ከላይ ጋቢ ደረብን። «ካንጋሮ ይባላል» አለችኝ። ብጨፈልቃትስ ብዬ እስትንፋሴን ሁሉ ፈራሁት። ቆይቼ እግሯን ዳሰስ ባደርገው ሞቋል! እልል በይ እልል በይ አለኝ።

ኋላ እንደተረዳሁት፣ ዘዴው የተጀመረው በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያዋ ቦጎታ፣ ማሞቂያ ባጠረበት ሆስፒታል ነው። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ማሽን ላለበትም ሆስፒታል ይመክረዋል፤ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት፣ በተቻለ መጠን እንደተወለዱ ወዲያው። እኔ የለመንኩት ማሽን ነበር። አምላክ በእናቱ አማላጅነት የሰጠኝ ከለመንኩት ይበልጣል።

ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች አንዳንዴ መተንፈስ ይረሳሉ። አንድ ሌሊት ትንፋሿ ቀጥ አለ። ደረቴ ላይ ስለሆነች ወዲያው ታወቀኝ። ሲስተሯ እንዳሳየችኝ የእግሯን መዳፍ አሸት አሸት ሳደርገው ተነፈሰች። «ድንግል ሆይ!» ብዬ ስጮህ ክፍሉ በሙሉ ነቃ።

ወተቴን እያለብኩ በአፍንጫዋ በገባው ቀጭን ቱቦ እንሰጣታለን። እህል ልቀምስ ወይም ልታጠብ ስነሳ ባለቤቴ ሸሚዙን ፈትቶ ይቀበለኛል፤ የአባት ደረትም ያሞቃላ! እናቴ መጀመሪያ «ወንድ ልጅ እንዲህ ይታቀፋል እንዴ?» ብላ ደንግጣ ነበር። በኋላ ጋቢውን የምታለብሰው እሷው ሆነች።

ክብደቷ እየጨመረ ሄዶ ከሆስፒታል ወጣን። ቤትም ገብተን ካንጋሮውን አላቋረጥንም። በ80 ቀኗ ክርስትና ተነሳች፤ ወለተ ማርያም ተባለች። የተሳልኩትንም ጃንጥላ ለኅዳር ጽዮን አስገባሁ።

ማሞቂያ ሞልቷል የተባላችሁ እናቶች፣ ባለሙያዋን «ካንጋሮ አሳዪኝ» በሏት። እመቤታችን ትድረስላችሁ።