ታኅሣሥ 21 ተራ ሰኞ ነበር

አዲስ አበባ ያለ አንድ የፕሮግራመሮች ቡድን ለጀርመን ደንበኛ የሠራው ሳምንታዊ የትዕዛዝ ሪፖርት ለወራት እንከን አልነበረውም። ጃንዋሪ 2025 ሲገባ ግን ደንበኛው ደወለ፦ አዲሱ ሳምንት የሁለት ቀን ትዕዛዝ ጎድሎታል፤ ተዘግቶ ያለቀው የጃንዋሪ 2024 ሳምንት ደግሞ ቁጥሩ ጨምሯል።

ኮዱ ከፖስትግሬስ ዳታቤዝ ዓመቱንና የሳምንቱን ቁጥር ለየብቻ አውጥቶ ያጣምር ነበር። ጀርመን በምትከተለው አይኤስኦ 8601 በተባለው ዓለም አቀፍ የቀን አጻጻፍ ደረጃ ሳምንት ሰኞ ይጀምራል፤ የየትኛው ዓመት እንደሆነ የሚወስነው ሐሙሱ ነው። ዲሴምበር 30 ቀን 2024 ሰኞ ዋለ፤ ሐሙሱ ጃንዋሪ 2 ስለሆነ ሳምንቱ የ2025 ሳምንት 1 ነው። ኮዱ ግን ቁጥሩን 1 ብሎ፣ ዓመቱን ከቀኑ ላይ 2024 ብሎ ወሰደ። «2024፣ ሳምንት 1» ደግሞ ከጃንዋሪ 1 እስከ 7 ቀን 2024 ያለው ነው። የዲሴምበር 30 እና 31 ትዕዛዞች ሄደው እዚያ ተደመሩ።

ኮዱን የሚፈትሸው ቴስት ይህን አልያዘም። አዲስ አበባ ላይ ያ ሰኞ ታኅሣሥ 21 ነው፤ ለገና ገና ስምንት ቀን ይቀራል፣ ዓመት ሊለወጥ ነው ብሎ ማን ያስባል?

ማስተካከያው አንድ ቃል ነበር፦ በተራው ዓመት ፈንታ የአይኤስኦውን ዓመት መጠየቅ። በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ የሚጽፉ በተቃራኒው ይሳሳታሉ፤ ለዓመት በሚጻፉት አራት ትንንሽ ዋይ (yyyy) ቦታ አራት ትልልቅ ዋይ (YYYY) ካስቀመጡ የሚታተመው የሳምንቱ ዓመት ነው፣ ዲሴምበር 31 ቀን 2024 «2025» ሆኖ ይወጣል።

የሳምንቱን ቁጥር ያለ ላይብረሪ (ያለ ዝግጁ ኮድ) የሚያሰላ ሰኞን 1፣ እሑድን 7 ይበል። ጃቫስክሪፕት እሑድን 0 ስለሚል መጀመሪያ ወደ 7 ይቀየር። ከ4 ላይ የዕለቱን ቁጥር ቀንሶ ውጤቱን ቀኑ ላይ ሲደምር የሳምንቱ ሐሙስ ይገኛል። የሐሙሱ ዓመት የሳምንቱ ዓመት ነው። ሐሙሱ በዓመቱ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ይዞ 1 ይቀንስ፣ ለ7 ያካፍል፣ ትርፉን ጥሎ 1 ይደምር። ጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ዓርብ ነው፤ 4 ሲቀነስ 5 አንድ ቀን ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ዲሴምበር 31 ቀን 2020፣ 366ኛ ቀን። 365 ለ7 ሲካፈል 52፣ ሲደመር 1፦ የ2020 ሳምንት 53።

የሰዓት ክልሉም ከስሌቱ በፊት ወደ ደንበኛው አገር ይለወጥ። በጀርመን የብርድ ወራት አዲስ አበባ ላይ ሰኞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሲሆን በርሊን ገና እሑድ ምሽት 5 ሰዓት ናት።

ቴስቱ ውስጥ አሁን ዲሴምበር 29 እና 30 ቀን 2024፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 2021 እና ጃንዋሪ 3 ቀን 2027 ገብተዋል። የመጨረሻው የ2026 ሳምንት 53 ነው፤ ዓመትን 52 ሳምንት ብቻ አድርጎ የተጻፈ ሠንጠረዥ እዚያ ላይ ይሰበራል።