ከጎን ቅርንጫፍ የተቆረጠው ቡና

ጅማ ያለ አንድ የግል ችግኝ ጣቢያ ውስጥ እሰራ በነበረ ጊዜ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ግቢው ውስጥ ቡና ከቁርጥራጭ ለማባዛት የሚሞክር ሰው አለ፣ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው ግን አንዷን ነገር ሳያውቁ ከገቡበት የአመት ልፋት መና ይቀራል።

መጀመሪያ ዘሩ እያለ ለምን ቁርጥራጭ የሚል ይኖራል። አረቢካ ቡና በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ተራው ዝርያ ፍሬው ቢዘራ እናቱን የሚመስል ይወጣል። ድቅል ላይ፣ ማለትም ሁለት የተለያዩ ቡናዎች ተዳቅለው በተገኘው ላይ ግን ይሄ አይሰራም። ለምሳሌ እዚሁ መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣው አባ ቡና ድቅል ነው፣ በ1998 እ.ኤ.አ. ነው የተለቀቀው፣ ከሱ ፍሬ ለቅማችሁ ብትዘሩ አንዱ እንዲህ አንዱ እንዲያ እየሆነ የተደበላለቀ ነው የሚወጣው። ድቅል ዘሩን ለማግኘት ደግሞ አበባውን በእጅ ማዳቀል ያስፈልጋል፣ እሱ ጉልበት ይጨርሳል። ከእናቱ ቆርጦ ስር ማስያዝ የሚመጣው ለዚህ ነው።

እኛ ጋ ይሄን ስራ የሚመሩት አንድ እናት ነበሩ፣ ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። እሳቸው የሚቆርጡት ከተጎነደለው ግንድ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከሚወጣው ቡቃያ ብቻ ነው። ችግሩ እንደዚህ አይነት ቡቃያ ብዙ አይገኝም፣ ትልቅ ትእዛዝ ሲመጣ አልበቃ አለ። ያኔ አዲስ የመጣው ስራ አስኪያጅ ምን አለ መሰላችሁ፣ “እትዬ፣ ዛፉ ሙሉ ቅርንጫፍ እያለ ለምንድን ነው ቡቃያ የምንጠብቀው?” እሳቸውም “ልጄ፣ የጎን ቅርንጫፍ ስር ይይዛል፣ ዛፍ ግን አይሆንም” አሉት። “ስር ከያዘማ በቃ አይደል እንዴ?” አለና ከጎን ቅርንጫፍ ተቆርጦ መደቡ ሞላ።

እውነትም ስር ያዘ። መደቡ ላይ የተሸፈነው ፕላስቲክ ስር እርጥበቱ ጥሩ ነበር፣ ጥላውም ደህና ነበር፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ነጫጭ ስር አውጥቶ ሁሉም ሰው ደስ አለው፣ ወደ ጥቁሩ ፕላስቲክ ከረጢት ተዛወረ፣ ክረምት ሲገባ ተሸጠ። እትዬ ሲሸጥ ዝም አላሉም፣ ደጋግመው ተናገሩ፣ የሰማቸው የለም እንጂ። እኔን እስካሁን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ እድሜ ልኳን አፈር ውስጥ የኖረች ሴት ወረቀት ስለሌላት ብቻ ቃሏ እንደ ቃል አይቆጠርም።

በሚቀጥለው አመት አንድ ገበሬ ከማና በኩል መጡ፣ ስልካቸው ላይ ፎቶ እያሳዩ “ይሄ የሸጣችሁልኝ ቡና ነው ሐረግ?” አሉ። ችግኙ ሁሉ ወደ ጎን ተዘርግቶ መሬት መሬቱን ነው የሚሄደው። እንጨት ተክለው አስረውታል፣ የታሰረው ቀጥ አለ፣ አዲስ የሚወጣው ጫፍ ግን ተመልሶ ወደ ጎን። ስራ አስኪያጁ መጀመሪያ ጥላ በዝቶበት ነው አለ፣ ቀጥሎ አፈሩ ነው አለ። እትዬ ግን ብዙ አልተከራከሩም፣ ሁላችንንም ይዘው ቤታቸው ወሰዱን።

ጓሯቸው ውስጥ በተቆረጠ ጀሪካን ሁለቱንም አይነት ጎን ለጎን ተክለውታል፣ ከጣቢያው የተራረፈውን፣ አንድ ቀን የተቆረጠ፣ አፈሩ አንድ፣ ጥላው አንድ። ከቡቃያው የመጣው ቀጥ ብሎ ግንድ ሰርቷል። ከጎኑ የመጣው ተኝቷል። ቡና ሁለት አይነት እድገት አለው፣ ወደ ላይ የሚሄደው ግንድና ወደ ጎን የሚሄደው ፍሬ ተሸካሚ ቅርንጫፍ፣ እና ከጎኑ የተቆረጠው ስር ቢያወጣም ጎንነቱን አይረሳም፣ ሊያብብ ሊያፈራም ይችላል፣ ግንድ ግን አያወጣም። ስራ አስኪያጁ ጀሪካኖቹን ዞር ዞር ብሎ አየና “እትዬ ይቅርታ፣ መስማት ነበረብኝ” አለ፣ እኚያ ገበሬም ከቡቃያ በመጣ ችግኝ እንዲተካላቸው ተደረገ። የቀረው ተኝቶ ያደገው ሁሉ ተነቀለ።

የዛን ቀን ጓሮው ውስጥ አሰራራቸውን ሁሉ አሳዩን። ቡቃያው በጣም ያልለሰለሰ በጣምም ያልጠነከረ፣ ገና አረንጓዴ የሆነ መሆን አለበት፣ እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ አንጓ ይዞ ይቆረጣል፣ ቅጠሉ ግማሽ ግማሹ ይከረከማል እንጂ ሙሉ አይነሳም፣ ምክንያቱም ሙሉ ቅጠል ውሃ ያስጨርሰዋል፣ ያለ ቅጠል ደግሞ ስሩን የሚመግበው የለም። የታችኛው ጫፍ ነው አፈር የሚገባው፣ ተገልብጦ የገባ አይሆንም። ስር ሲይዝ ግንዱን ይዞ መጎተት የለም፣ በስስ እንጨት ከስር ይነሳል፣ የደን አፈርና የበሰለ ፍግ ትንሽም አሸዋ የተቀላቀለበት ከረጢት ውስጥ ስሩ ሳይታጠፍ ይገባል፣ ከረጢቱም ጀሪካኑም ከታች መበሳት አለበት። ከዛ ለተወሰነ ጊዜ ጥላ ስር ሆኖ ፕላስቲኩ ቀስ በቀስ ይነሳለታል፣ ድንገት ካወጣችሁት ይጠወልጋል። ከቁርጥራጭ የመጣ ቡና ደግሞ እንደ ዘሩ ወደ ታች የሚወርድ ዋና ስር የለውም፣ ስለዚህ ከተተከለ በኋላ በጋ ላይ ስሩን በሳር ወይ በቅጠል ሸፍኑለት፣ እንደ ሰሳ ወይም ዋንዛ ያለ የጥላ ዛፍ አጠገቡ ካለ እሰየው።

ስትገዙ ደግሞ ቅጠሉን እዩት። ወደ ላይ የሚሄደው ላይ አንዱ ጥንድ ቅጠል ከታቹ ጥንድ ጋር መስቀል ሰርቶ ነው የሚቀመጠው፣ ከላይ ሆናችሁ ስታዩት አራት አቅጣጫ ያያል። ከጎን ቅርንጫፍ የመጣው ላይ ግን ቅጠሎቹ ሁሉ ግራና ቀኝ በአንድ መስመር ተዘርግተው ነው ያሉት። እንደዛ ካያችሁ አትግዙ፣ ሻጩ የፈለገውን ቢላችሁ።