ድንጋይ የተከለከሉት አብያተ ክርስቲያናት

ስለ ሉተራን አብያተ ክርስቲያናት የሕንፃ ጥበብ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠቀሰው በጀርመን ያለው የድሬስደኑ ፍራውንኪርኸ ነው። ጊዮርግ ቤር የነደፈው ይህ ሕንፃ በ1743 ተጠናቅቆ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ በ1945 ከተማዋ በቦምብ ስትጋይ ፈርሶ፣ በ2005 እንደገና ተመርቋል፤ የድንጋይ ጉልላቱም ቢደነቅ ይገባዋል። እኔ ግን አንዱን ብቻ ብመርጥ የምመርጠው ድንጋይ ተከልክሎ በእንጨት፣ በጭድና በጭቃ የቆመውን፣ በፖላንድ የሚገኘውን የሽቪድኒትሳን የሰላም ቤተ ክርስቲያን ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ላደገ ሰው እነዚህ ሦስቱ የሚኖርበት ቤት ግድግዳ ነበሩና ምርጫው ያዳላ ሊሆን ይችላል።

ወደ ሽቪድኒትሳ ከመሄዴ በፊት የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ከሕንፃው ምን እንደሚፈልግ መናገር ይኖርብኛል። ሚካኤል የተባለው ኢትዮጵያዊ ዲያቆን በ1534 ዊተንበርግ ደርሶ ከተሐድሶው መሪ ከማርቲን ሉተር ጋር ሲነጋገር፣ የተሐድሶው ሰዎች ገና ከቀድሞው ሥርዓት በተረከቧቸው አብያተ ክርስቲያናት ይገለገሉ ነበር። ከመነሻው ለአዲሱ አምልኮ ታስቦ የተሠራው የቶርጋው ቤተ መንግሥት ጸሎት ቤት በሉተር ስብከት የተመረቀው ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1544 ነው። አራት ማዕዘን አዳራሽ ነው፤ ዙሪያውን ሰገነት አለው፤ ምስባኩ፣ ማለት ሰባኪው የሚቆምበት ከፍ ያለ ቦታ፣ የተተከለው ከዳር ሳይሆን በረጅሙ ግድግዳ መካከል ላይ ነው። ፒያሳ ያለው ባለ ስምንት ማዕዘኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በቅኔ ማኅሌት፣ በቅድስትና በመቅደስ ተከፍሎ ሰውን እንደ አገልግሎቱ ሲያስቀምጥ፣ ቶርጋው ግን ሁሉም ሰው ሰባኪውን እንዲሰማ አንድ ክፍል ብቻ ሆኖ ተሠርቷል። ከዚያ በኋላ የመጡት የሉተራን ሕንፃዎች ስንት ሰው ከምስባኩ ምን ያህል ሊቀርብ ይችላል ለሚለው ጥያቄ የየራሳቸውን መልስ የሰጡ ይመስለኛል፤ ሰገነት የበዛባቸውም ለዚሁ ነው።

ይህን ጥያቄ ዛሬ አብዛኛው የፖላንድ ክፍል በሆነው በሲሌዥያ እንደነበሩት ሉተራኖች ተጨንቆ የመለሰ የለም። የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት በ1648 በቬስትፋሊያ የሰላም ውል ሲያበቃ፣ በካቶሊኩ ንጉሠ ነገሥት በፈርዲናንድ ሣልሳዊ ግዛት የቀሩት እነዚህ ምእመናን በስዊድን ግፊት ሦስት አብያተ ክርስቲያናት እንዲሠሩ ተፈቀደላቸው፤ በግዎጉፍ፣ በያቮርና በሽቪድኒትሳ። ፈቃዱ ግን ከክልከላ ብዙም አይለይም ነበር፤ ሕንፃው ከከተማው ቅጥር ውጭ እንዲሆን፣ ድንጋይና ጡብ እንዳይገባበት፣ የደወል ማማና ደወል እንዳይኖረው፣ ሥራውም በአንድ ዓመት እንዲያልቅ ታዘዘ። ትእዛዙን የሰጡት ሰዎች ሕንፃዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይወድቃሉ ብለው ሳያስቡ አልቀሩም።

የያቮሩ በ1655፣ የሽቪድኒትሳው በ1657 አለቀ። ሁለቱንም የነደፈው አልብሬኽት ፎን ዜቢሽ የብሬስላው (የዛሬዋ ቭሮትስዋፍ) የምሽግ መሐንዲስ ነበር፤ ምሽግ የሚሠራ ሰው ድንጋይ ተነፍጎ ሲሠራ ማሰብ በራሱ ያስገርማል። ከውጭ ሲታይ ሽቪድኒትሳ ከትልቅ ጎተራ ብዙ አይለይም፤ ተጠርበው የተገጣጠሙ ጥቋቁር ግንዶች ቀጥ፣ አግድምና ሰያፍ ሆነው ግድግዳውን በየክፍሉ ይከፍሉታል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በጭድና በሸክላ አፈር ተሞልቶ በነጭ ተለስኗል። ውስጡ ሌላ ዓለም ነው። የመስቀል ቅርጽ ባለው ወለል ዙሪያ ሰገነት በሰገነት ላይ ተደራርቧል፤ ሦስት ሺህ ያህል ተቀምጠው የቀሩት ቆመው 7,500 ሰው ይይዛል። የባላባት ቤተሰቦችና የሙያ ማኅበራት የየራሳቸውን ሎጅ፣ ማለት የተከለለ መቀመጫ፣ በየቦታው ሠርተዋል፤ ቅርጻ ቅርጽ ያላረፈበት እንጨት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ምስባኩ ላይ ሰባኪው ስብከቱን ከመጠን በላይ እንዳያስረዝም የአሸዋ ሰዓት ተቀምጧል፤ ይህ ልማድ በእኛም ዘንድ ቢለመድ ደስ ይለኛል። በያቮር ደግሞ ሰገነቶቹ አራት ደርብ ሲሆኑ፣ መከለያዎቻቸው ከመቶ በላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ተሥለውባቸዋል።

የግዎጉፉ በ1758 ተቃጠለ። የቀሩት ሁለቱ ደወል እንዲኖራቸው የተፈቀደላቸው በ1707 ሲሆን፣ ፈቃዱን ያስገኘውም የስዊድን ንጉሥ ቻርልስ 12ኛ ነበር። በ2001 ዩኔስኮ ሁለቱንም በዓለም ቅርስነት መዘገባቸው። ስዊድን በአዲስ አበባ የሉተራን ታሪክም መነሻ ላይ አለች፤ በ1904 ወደ ከተማዋ የገባው ካርል ሴደርኲስት የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን መልእክተኛ ነበር፤ የዚህ ሚሲዮንና የሌሎች ሥራም በ1959 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ወደ መመሥረት አድርሷል። አምስት ኪሎ ወደሚገኘው መካነ ኢየሱስ የሚሄድ ሰው ከሽቪድኒትሳ ምእመናን ጋር የሚጋራው የእምነት መግለጫ ብቻ ሳይሆን፣ በአንድ አዳራሽ ተሰብስቦ ቃሉን የመስማት ልማድ ጭምር ነው።

ወደ ጭቃው ልመለስ። አዲስ አበባ ውስጥ ጭቃ ቤት የሚባለው ቤት ቋሚው በባሕር ዛፍ ተተክሎ፣ በማገር ተያይዞ፣ ከዚያ የሚመረግ ነው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር እየተረገጠ ይቦካል፤ ጥቂት ቀን ሲያድር ጭዱ ይለሰልስና አፈሩን ይይዘዋል፤ ምርጊቱ ሲደርቅ ብዙ እንዳይሰነጠቅ የሚያደርገውም ይኸው ጭድ ነው። ይህን ሥራ የሲሌዥያ አናጢ ቢያየው አይደነግጥም ነበር። ልዩነቱ ያለው ከሥሩ ነው። የእኛ ቋሚ ቀጥታ ወደ መሬት ስለሚገባ እርጥበትና ምስጥ ከታች ይበሉታል፤ የእነርሱ ግንድ ግን በአግዳሚ ግንድ ላይ ተሰክቶ ከአፈሩ ከፍ ይላል፤ የጣሪያው ክፈፍም ዝናቡን ከግድግዳው ያርቃል።

ባለፉት ዓመታት በፒያሳና በአራት ኪሎ ብዙ ጭቃ ቤቶች ሲፈርሱ፣ ጭቃ ስለሆኑ መቆየት አይችሉም የሚል ምክንያት ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ሁሉም ይጠበቁ የሚል ክርክር የለኝም፤ የተጣበበና መጸዳጃ የሌለው ቤት ለነዋሪው ቅርስ አይደለም። ነገር ግን ምክንያቱ ጭቃው ነው ከተባለ አልቀበልም፤ ከ360 ዓመት በላይ የቆመ ጭቃ አለና። ሊፈርስ ምልክት የተደረገበት ቤት ሳይ መጀመሪያ የማየው የቋሚውን ሥር ነው፤ ብዙ ጊዜ የበሰበሰው ያው ከመሬት የገባው ክንድ የማይሞላ እንጨት ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለው ማገርና ምርጊት ገና ደኅና ነው።