ሁለት መደርደሪያ፣ አንድ ቅርጫት

ዛሬ ቶኪዮ፣ ናካኖ ብሮድዌይ የሚባል የገበያ ማዕከል ውስጥ፣ ዝናብ ላሳልፍ አሮጌ ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) የሚሸጥበት ሱቅ ገብቼ ሁለት ሰዓት ቆየሁ።

«ቦይስ ላቭ» መደርደሪያው ጋ ሴቶች ብቻ ናቸው። ሽፋኑ ላይ ቀጫጭን፣ ጣተ ረዣዥም ልጆች። በ1970ዎቹ ይህን የወንዶች ፍቅር ታሪክ ያስጀመሩት ሴት ሠዓሊዎች ናቸው፣ ለልጃገረዶች መጽሔት። ራቅ ብሎ ደግሞ ጌይ ወንዶች ለራሳቸው የሳሉት አለ፦ ፂማም፣ ደረተ ሰፊ፣ ቦርጫም ሰው። (የሰፈራችን ሥጋ ቤት ባለቤት ቁርጥ!)

አንዲት ሴትዮ ከሁለቱም አንስታ ቅርጫቷን ሞልታለች። ከላይ የጌንጎሮ ታጋሜ «የታናሽ ወንድሜ ባል»። ታጋሜ ለዓመታት የጌይ መጽሔቶች ሠዓሊ ነበር፤ ይሄን ግን ከ2014 ጀምሮ ማንም በሚያነበው መጽሔት አወጣው፣ በ2018 አሜሪካ የሥዕል ታሪክ መጻሕፍት የሚሸለሙበትን የአይዝነር ሽልማት አገኘ። የሟች ወንድሙ ካናዳዊ ባል ድንገት ቤቱ የመጣበት አባትና ትንሽ ልጁ ናቸው ታሪኩ።

እኔ ቦይስ ላቭ ላይ የሚጎድለኝ የቤት ኪራይና ሽንኩርት መክተፍ ነው። ግን እጅ ለእጅ እስኪነካኩ ሦስት ገጽ ማስጠበቅ እነሱ ይችሉበታል፣ እውነቱን ለመናገር።

የታጋሜን ቅጽ አንድ ፈለግኩ፤ የመጨረሻዋን ሴትዮዋ ወስዳዋለች።