ሁለተኛው ሶሎ ሲመጣ፦ «ኮምፈርተብሊ ነም»ን የማዳመጥ ልምዴ

የእንግሊዙን ሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድን «ኮምፈርተብሊ ነም» ድሮ የምሰማው ለጊታሩ ስል ነበር። አሁንም ጊታሩን እወደዋለሁ። ግን ጆሮዬ ሌላ ሌላ ቦታም መሄድ ጀምሯል። ዘፈኑን ቁጭ ብዬ ማጥናት ከጀመርኩ ወዲህ ያገኘሁትን፣ በተለይ ደግሞ ላይቭ ከሰማሁት በኋላ የተጨመረልኝን ላካፍላችሁ። የዚህ ዘፈን ወዳጆች ብዙ ነን፤ አንዱ ያላስተዋለውን ሌላው ያስተውላል። (ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ታሪኩን ባጭሩ። ዘፈኑ በኖቬምበር 1979 የወጣው «ዘ ዎል» የተባለው ድርብ አልበም (ሁለት ሸክላ፣ አራት ገጽ) ሦስተኛ ገጽ መዝጊያ ነው። ፒንክ የሚባል የሮክ ዘፋኝ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ፈዝዞ ተቀምጧል። መድረክ መውጣት አለበት፣ አልቻለም። ሐኪም ይመጣና መርፌ ወግቶ ያስነሳዋል። የባንዱ ባስ ተጫዋችና ግጥም ጸሐፊ ሮጀር ዋተርስ ይህን የወሰደው ከራሱ ገጠመኝ ነው። በ1977 ፊላደልፊያ ውስጥ ሆዱን ክፉኛ አሞት፣ የሚያደነዝዝ መርፌ ተወግቶ ነበር መድረክ የወጣው። ዜማው ደግሞ በአብዛኛው የጊታሪስቱ የዴቪድ ጊልሞር ነው። በ1978 የራሱን አልበም በሚሠራበት ጊዜ ጀምሮት የተረፈው ነበር።

የልምምዴ የመጀመሪያ እርምጃ ሶሎዎቹን፣ ማለትም ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ የሚጫወትባቸውን ሁለት ክፍሎች፣ ለጊዜው መተው ነበር። ይህ ከባድ ነው፤ እጅ ራሱ ወደ መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ይሮጣል። ግን ጨክኜ ስንኞቹንና አዝማቹን ብቻ ደጋግሜ ሰማሁ። ስንኞቹን የሚዘፍነው ዋተርስ ነው፣ ሐኪሙን ሆኖ። ይጠይቃል፣ ያባብላል፣ ያዛል። አዝማቹን የሚዘፍነው ጊልሞር ነው፣ ታማሚውን ሆኖ። እስከዚህ ድረስ ዘፈኑን የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል። ለኔ አዲስ የሆነብኝ ኮርዶቹም (አንድ ላይ የሚመቱት የኖታ ስብስቦች) እንደ ሁለት ሰው መናገራቸው ነው።

ይህ የገባኝ ጊታር አንስቼ ኮርዶቹን በቀስታ መምታት ስጀምር ነው። የሐኪሙ ክፍል ጨለም ያለ ድምፅ ካለው ከቢ ማይነር ኮርድ ይነሳል። ወደ ኤ ይወርዳል፣ ከኤ ወደ ጂ ይወርዳል፣ በኢ ማይነር በኩል አድርጎ ተመልሶ ቢ ማይነር ላይ ያርፋል። ዙሩ ደጋግሞ ወደ ታች ይጎትታችሁና ከተነሳችሁበት ጨለማ ቦታ ይመልሳችኋል። አዝማቹ ሲደርስ ብሩህ ድምፅ ያለው ዲ ሜጀር ይመጣል። ቢ ማይነርና ዲ ሜጀር የሚጠቀሙት በአንድ ዓይነት ድምፆች ስለሆነ ሽግግሩ ጆሮን አይጎረብጥም። ግን ጨለማ ክፍል ውስጥ መስኮት እንደተከፈተ ነው። ትንሽ ቆይቶ ሲ ኮርድ ይገባል። ሲ ከዲ ሜጀር ስኬል (የድምፆች ቅደም ተከተል) ውጪ ነው። ያ ሁላችንም የምናውቀው የመንሳፈፍ ስሜት፣ እግር መሬት የለቀቀ የሚመስለው፣ ዋና ምንጩ እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል። ማይክል ኬመን ያቀናበረው ኦርኬስትራም ከኋላ ሆኖ ያንኑ ስሜት ያሰፋዋል።

በነገራችን ላይ፣ ያ ኦርኬስትራ ያለ ክርክር አልገባም። ጊልሞር ዘፈኑ ጠንከር፣ ቀለል ብሎ እንዲቀዳ ፈልጎ ነበር። ዋተርስና ፕሮዲዩሰሩ ቦብ ኤዝሪን ደግሞ በኦርኬስትራው በኩል ቆሙ። የወጣው ቅጂ የሁለቱ ፍላጎት ድርድር ውጤት ነው። እኔ ስሰማው ሁለቱም ትክክል ነበሩ እላለሁ።

አሁን ወደ ሶሎዎቹ ልምጣ። የመጀመሪያው ከመጀመሪያው አዝማች ቀጥሎ ይመጣል። የሚጫወተውም በአዝማቹ ኮርዶች ላይ ነው። አጭርና ጥርት ያለ ነው፣ ከታማሚው ወገን ነው። ሁለተኛው ወደ አራት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይጀምራል፣ እሱ ግን በሐኪሙ ኮርዶች ላይ ነው። ያው የሚወርደው፣ ያው የሚዞረው ቢ ማይነር ተመልሷል። ሐኪሙ ግን የለም። ጥያቄው ቆሟል፣ ቃል አልቋል፣ በሱ ቦታ ጊታር ገብቷል። ይህን ካስተዋልኩ በኋላ ሁለተኛው ሶሎ አንጀቴን የሚበላው ለምን እንደሆነ ገባኝ። ሰውየው ተወግቶ ተነስቷል፣ መድረክ ሊወጣ ነው። ያልተናገረው ነገር ሁሉ ግን እዚያው ውስጡ ቀርቷል። ጊታሩ እሱን ነው የሚያወጣለት። ይህ የኔ አሰማም ነው። ሌላ ያላችሁ ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።

ቀጥሎ የገባሁት የመድረክ ቅጂዎችን ወደ ማነጻጸር ነው። እዚህ ላይ ስለ አልበሙ ቅጂ አንድ ነገር ማወቅ በጣም ይረዳል። ጊልሞር እንደተናገረው፣ ስቱዲዮ ውስጥ አምስት ስድስት ሶሎ ይቀዳል። ከዚያ እያንዳንዱን አዳምጦ ምርጥ ምርጡ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ የተመረጡትንም ቁርጥራጮች አያይዞ አንድ ሶሎ ያወጣል። ስለዚህ በቃላችን የምናውቀው ሶሎ ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ የተጫወተ ላይሆን ይችላል። ይህ ውበቱን አይቀንሰውም። መድረክ ላይ ግን መምረጥ የሚባል ነገር የለም። የወጣው ወጣ ነው።

ሌላው ልዩነት መጨረሻው ነው፤ እኔን ከሁሉ በላይ የያዘኝም እሱ ነው። አልበሙ ላይ ዘፈኑ አያልቅም። ጊታሩ ገና እየጋለ ሳለ ድምፁ ቀስ እያለ ይጠፋል። መድረክ ላይ ግን የሆነ ቦታ ማለቅ አለበት። እያንዳንዱ የላይቭ ቅጂ አልበሙ ክፍት የተወውን ጥያቄ በራሱ መንገድ ይመልሳል። ያ ሁሉ ግለት የት ይደርሳል? እንዴት ይዘጋል? ቅጂዎችን እያፈላለግሁ መስማት የጀመርኩት ለዚህ ነው።

የጀመርኩት ከ1980 እና 1981 ትርዒቶች ነው። ቅጂያቸው የወጣው በ2000 ነው። በነዚያ ትርዒቶች መድረኩን ከዳር እስከ ዳር የሚዘጋ፣ 12 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ግድግዳ በካርቶን ጡብ ይሠራ ነበር። ይህ ዘፈን ሲደርስ ግድግዳው አልቆ ባንዱ ከጀርባው ተደብቋል። ዋተርስ ከፊት ለፊት ቆሞ የሐኪሙን ስንኝ ይዘፍናል። ከዚያ ጊልሞር በድንገት ግድግዳው አናት ላይ፣ ብርሃን ከኋላው እየበራ ይታያል። ቅጂውን ስትሰሙ ይህን በዓይነ ሕሊናችሁ ያዙት። አዝማቹና ሶሎዎቹ ከላይ ነው የሚመጡት፣ ሐኪሙ ከታች ነው። ኮርዶቹ ውስጥ ያለው መውጣትና መውረድ በሰው ቁመና ቆሞ ይታያችኋል።

የ1994ቱ ቅጂ ለንደን ኧርልስ ኮርት አዳራሽ የተቀዳው «ፐልስ» ነው። ብዙ አድናቂ አንደኛ የሚለው ይህንን ነው፣ ምክንያትም አለው። ዋተርስ ባንዱን ከለቀቀ ዓመታት አልፈዋል፤ የሐኪሙን ስንኞች ሌሎቹ ሙዚቀኞች በጋራ ይዘፍኗቸዋል። ሁለተኛው ሶሎ ከአልበሙ እጅግ ይረዝማል። ጊልሞር አይቸኩልም። አንድ ኖታ ይይዝና ክሩን ገፍቶ ወደ ላይ ይወስደዋል፣ እዚያ ያቆየዋል፣ ያርገበግበዋል፣ ከዚያ ነው ወደሚቀጥለው የሚሄደው። ምስሉን የምታዩ ከሆነ ግዙፉ የመስታወት ኳስ እንደ አበባ ሲከፈት አያምልጣችሁ። ለኔ ግን ከመስታወቱ ይልቅ ዝምታዎቹ ይበልጣሉ። በሁለት ሐረግ መካከል የሚተወው ባዶ ቦታ ሌላ ቅጂ ላይ እንዲህ ጎልቶ አይሰማኝም።

በጁላይ 2 ቀን 2005 ሃይድ ፓርክ ውስጥ፣ ላይቭ ኤይት በተባለው የበጎ አድራጎት ኮንሰርት ላይ የተጫወቱት አጠር ያለ ነው። በጥራት ከ«ፐልስ» አይወዳደርም። ቢሆንም ከሁሉ አስበልጬ የምወደው እሱን ነው። አራቱ (ዋተርስ፣ ጊልሞር፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ ሪቻርድ ራይትና ድራመሩ ኒክ ሜሰን) አንድ ላይ መድረክ ከወጡ 24 ዓመት ሆኗቸው ነበር። በመካከሉ የነበረው ጠብና የፍርድ ቤት ጉዳይ የታወቀ ነው። ያን ሁሉ አልፈው ሐኪሙም ታማሚውም በባለቤቶቻቸው ድምፅ ተመለሱ። ራይት በ2008 ስላረፈ ደግሞ አራቱ አብረው የተጫወቱት የመጨረሻ ዘፈን ይህ ሆኖ ቀረ። ይህን እያወቁ መስማት ሌላ ነው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፍባቸው። በ2006 ለንደን ሮያል አልበርት ሆል በጊልሞር ኮንሰርት ላይ ዘፋኙ ዴቪድ ቦዊ የሐኪሙን ስንኝ ዘፍኗል፤ ቀዝቃዛ፣ ራቅ ያለ ሐኪም ነው፣ ደስ ይላል። በዚያው ዓመት ፖላንድ፣ ግዳንስክ ላይ የተቀዳው ራይት ከጊልሞር ጎን ሆኖ የተጫወተበት ነው። በሜይ 2011 ጊልሞር በዋተርስ ኮንሰርት ላይ ተገኝቶ እንደገና ግድግዳው አናት ላይ ወጥቷል። በ2016 ደግሞ ጣሊያን፣ ፖምፔይ ጥንታዊ አምፊቲያትር ውስጥ ተጫውቶታል።

አንድ ቅጂ ግን ቆም ማለት ይገባዋል። በ2022 ዋተርስ ዘፈኑን ያለ ጊታር ሶሎ አወጣው። የዘፈኑን መነሻ ድምፅ ከቢ ማይነር ወደ ኤ ማይነር ዝቅ አደረገው፣ መጨረሻውንም ለሴት ድምፅ ሰጠው። ብዙ አድናቂ ተቆጣ። ቁጣው ይገባኛል። ሆኖም ለጆሮ ልምምድ ከዚህ የተሻለ መማሪያ አላገኘሁም። ጊታሩ ሲነሳ ከሥሩ ያለው ዙር ምን ያህል ከባድና ጨለማ እንደሆነ ራቁቱን ይሰማችኋል። እሱን ሰምታችሁ ወደ «ፐልስ» ስትመለሱ ጊታሩ ከምን ጋር እንደሚታገል ታውቃላችሁ።

ይህን ሁሉ ይዤ ነው ላይቭ ለመስማት የሄድኩት። የተጫወተው የፒንክ ፍሎይድን ሥራዎች ብቻ የሚጫወት ባንድ ነው። አንዳንድ አድናቂ እንዲህ ያሉ ባንዶችን ይንቃል። እኔ አልስማማም። ዘፈኑን ሰው ፊት፣ በእውነተኛ ድምፅ ከፍታ፣ በእውነተኛ ትንፋሽ መስማት ቅጂ ሊሰጥ የማይችለው ነገር አለው።

በመጀመሪያ ያገኘኝ ባሱ ነው። ከቢ ወደ ኤ፣ ከኤ ወደ ጂ የሚወርደውን እቤት በጣቴ ነበር የማውቀው። አዳራሹ ውስጥ ደረቴ ላይ ወረደ። የሐኪሙ ክፍል ለምን እንደሚያፍን በአካሌ ተረዳሁት።

ከዚያ የመጀመሪያው ሶሎ መጣ። ጊታሪስቱ አልበሙ ላይ እንዳለ ኖታ በኖታ ተጫወተው። የሚገርመው ሕዝቡ ነው። ቃል የለውም፣ ግን አዳራሹ በሙሉ ዜማውን አብሮ አለው። ጎኔ የቆመው ሰው አንዲት ኖታ አልሳተም። ጊልሞርም ይህንን ሶሎ ከመድረክ መድረክ ብዙ አይለውጠውም፤ ለዚህ ነው ሁላችንም በቃላችን የያዝነው።

ሁለተኛው ሲጀምርም ሰው አብሮ ማዜም ሞክሮ ነበር። የመክፈቻዎቹ ሐረጎች የታወቁ ናቸው። ጥቂት እንደሄደ ግን ጊታሪስቱ አልበሙን ትቶ የራሱን መንገድ ያዘ፣ ሕዝቡም አንድ በአንድ ዝም አለ። ሊያዜመው አይችልማ፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ማንም አያውቅም። ከዘፈን ተቀባይነት ወደ አድማጭነት የተቀየርነው በዚያች ቅጽበት ነው። ቅጂዎቹን ሳነጻጽር የፈለግሁት ነገር ዓይኔ ሥር ሲሆን አየሁት።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ከጊታሪስቱ ተነስቶ ድራመሩ ላይ አረፈ። መጀመሪያ ምቱን ጠብቆ ብቻ ነበር የሚሄደው። ዙሩ በተደገመ ቁጥር ትንሽ ይጨምራል። አንዴ ሲምባል (የብረት ሳህኑ)፣ አንዴ ከቶሞቹ (ከትንንሾቹ ከበሮዎች) የሚወርድ አጭር መሙያ ምት። ጊታሪስቱ ረጅም ኖታ ይዞ ሲቆም ክፍተቱን የሚሞላው እሱ ነው። ኦርጋኑም ከሥር እያበጠ ይመጣል። ሶሎው ወደ ላይ የሚወጣው በጊታሪስቱ ጣቶች ብቻ አልነበረም፤ ከሥሩ ያሉት እየገፉ ነው የሚያወጡት። መጨረሻው ሲቃረብ ጊታሪስቱ ወደ ድራመሩ ዞሮ በራሱ ምልክት ሰጠ። ሁሉም አንድ ላይ ቢ ማይነር ላይ ወርደው ጨረሱ። የአዳራሹ ጩኸት ልክ አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ የቆዩትን ቅጂዎች እንደገና እየሰማሁ ነው። «ፐልስ»ን አሁን የምከፍተው ኒክ ሜሰንን ለመስማት ነው። ለጀማሪ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ አልበሙን፣ ቀጥሎ የ2022ቱን ያለ ሶሎ፣ ከዚያ «ፐልስ»ን፣ በመጨረሻ ላይቭ ኤይትን። በተቻለ መጠን ባሱን በደንብ የሚያወጣ ስፒከር ወይም ኢርፎን ተጠቀሙ፤ የስልክ ስፒከር ግማሹን ዘፈን ይበላዋል።

እኔ አሁን የያዝኩት ልምምድ አጃቢነት ነው። ጓደኛዬ ሁለተኛውን ሶሎ ይሞክራል፣ እኔ ከሥሩ ዙሩን እመታለታለሁ። ሶሎውን ከመጫወት የማይተናነስ ደስታ አለው። የቸገረኝ ፍጥነቱን መጠበቅ ነው። ዘፈኑ በጣም ቀርፋፋ ነው፤ ሶሎው በጋለ ቁጥር እጄ መፍጠን ይፈልጋል፣ ከፈጠንኩ ደግሞ ለረጅሞቹ ኖታዎች ቦታ ይጠባቸዋል። በሜትሮኖም (ምት በሚቆጥር መሣሪያ) እየሞከርኩ ነው፣ ግን ምቱን ያደርቀዋል። እንዲህ ያለውን ቀርፋፋ ምት ያለ ሜትሮኖም የምታጅቡ ካላችሁ፣ እንዴት እንደምትይዙት ንገሩኝ።