ቦነቪል ልትገዙ ነው? መጀመሪያ የሞተሩን ቁጥር አንብቡ

ይህን የምጽፈው እኔ ስገዛ የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ ነው። ትራያምፍ ቦነቪል የአንድ ሞተር ሳይክል ስም ይመስላል፣ ግን አይደለም። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ አንዱ የሌላውን ብሎን እንኳ የማይቀበል ብዙ ዓይነት ቦነቪል አለ። ሻጮች የ650 ሲሲውን ቦነቪል መለያ ጠርተው "ቲ120 ነው፣ ሁሉም ያው ነው" ይሏችኋል። ያው አይደለም!

ዘሩ የሚመዘዘው የትራያምፍ መሐንዲስ ኤድዋርድ ተርነር በ1937 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ካወጣው ስፒድ ትዊን ከተባለው ባለ 500 ሲሲ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካኖች ጉልበት ፈለጉና ወደ 650 አደገ። በ1956 አሜሪካዊው ጋላቢ ጆኒ አለን በዩታ የቦነቪል የጨው ሜዳ ላይ በትራያምፍ ሞተር በሰዓት ከ340 ኪሎ ሜትር በላይ በረረ። ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። ለ1959 ሁለት ካርቡራቶር ተገጠመለትና ቦነቪል ተባለ። እስከ 1962 ሞተሩና ካምቢዮው ለየብቻ ነበሩ፤ በ1963 አንድ አካል ሆኑ። በ1971 ደግሞ የዘይት ታንከሩ ቀርቶ ዘይቱ ሻንሲው ውስጥ ገባ። ያን ሻንሲ ያወጡት መሐንዲሶች ሞተሩ እንዴት እንደሚገባበት እንኳ በቅጡ አላሰቡም፤ የላይኛው የቫልቭ ክዳን ካልተፈታ አይገባም ነበር። መቀመጫውም ከፍ ከማለቱ የተነሳ አጭር ሰው እግሩ መሬት አይደርስም። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለወግ አይደለም። እያንዳንዱ ለውጥ ኪሳችሁን ይነካል።

የእኔ የ1970 ሞዴል ነው፣ ከአሜሪካ ተመልሶ የመጣ። የምኖረው እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ነው፤ የተሠራበት ሜሪደን እዚሁ አጠገባችን ነው። ፋብሪካው ፈርሶ ቤት ተሠርቶበታል፣ አንዱን መንገድ ቦነቪል ክሎዝ ብለውታል። ቁጥሩ ከሲሊንደሩ ሥር በግራ በኩል ተመትቷል፣ ኤንዲ ብሎ ይጀምራል። ኤን ጥቅምት ማለት ነው፣ ዲ የ1970 ሞዴል። የሽያጩ ዘመን ቀደም ብሎ ስለሚጀምር የተሠራው በጥቅምት 1969 ነው ማለት ነው። የሻንሲው ቁጥር ከዚህ ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። ከቁጥሩ ጀርባ የፋብሪካው ስም በጥቃቅን ምልክት ተረጭቶ ይታያል። እሱ ከጠፋ ሰው ፍቆታል፤ ጥላችሁ ሂዱ።

ሊብሬና ታርጋ ማውጣቱ ቀላል ነበር። ቪንቴጅ ሞተር ሳይክል ክለብ ከፋብሪካው መዝገብ አይቶ የዘመን ማረጋገጫ ይጽፋል። ካርቡራቶሩን አጠብኩ፣ ሽቦውን ቀየርኩ። የባትሪው ፖዘቲቭ ከሻንሲው ጋር እንደሚታሰር ልብ በሉ፣ ከለመዳችሁት ተቃራኒ ነው።

ያቃጠለኝ ሌላ ነገር ነው። ከሲሊንደሩ ፊትና ኋላ አንድ አንድ የሚያብረቀርቅ ቱቦ ቆሟል። ቫልቮቹን የሚገፉት ዘንጎች በውስጡ ያልፋሉ። ከላይም ከታችም የጎማ ቀለበት አለው። የቴስታታውን (ሲሊንደሩን ከላይ የሚከድነውን) 9 ብሎኖች ስታጠብቁ በመካከላቸው ያለው የመዳብ ማሸጊያ ማለትም ጋስኬቱም እነዚህ ጎማዎችም አብረው ይጨመቃሉ። ጎማው ከወፈረ ቴስታታው ጎማው ላይ ይቆምና ጋስኬቱ ላይ አያርፍም፤ ከሳሳ ዘይት ይፈሳል። ትራያምፍ ደግሞ በእነዚያ ዓመታት ቱቦውንም ጎማውንም ደጋግሞ ቀያይሯል።

መለዋወጫ ሻጩን የሞተር ቁጥሬን ልስጥህ አልኩት። "አያስፈልግም፣ ከ1963 እስከ 1972 ለሁሉም ይሆናል" አለኝ። ገጠምኩት። ገና ሰፈሬን ሳልለቅ ዘይቱ በቱቦው ሥር ተንቆርቁሮ ጫማዬን አራሰው። ስደውልለት "የእንግሊዝ ሞተር ነው እኮ፣ ዘይት ማንጠባጠብ ባሕርዩ ነው፣ ከሥሩ ካርቶን አንጥፍለት" አለኝ። ከዘይቱ ይልቅ ያናደደኝ ይህ ነው። በደንብ የተገጠመ ትራያምፍ አያንጠባጥብም! ያ አባባል የሰነፍ መካኒክ መደበቂያ ነው።

ስጨቀጭቀው ወፈር ያለ ጎማ ላከልኝ። ዘይቱ ቆመ፣ ግን ጋስኬቱ ተበላ። ዳገት ላይ ጋዝ ሲስስ እያለ በጎን ይወጣ ጀመር። አሁንም ጥፋቱን ወደ እኔ አዞረው፣ "አላግባብ አጥብቀኸው ነው" አለ። እኔ ግን የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው የቶርክ ቁልፍ፣ በጥገና መጽሐፉ ልክ ነው ያጠበቅኩት። ገንዘቤን ስጠይቀው "ዕቃው ሥራ ላይ ውሏል" ብሎ ዘጋኝ። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

መላውን ያሳዩኝ ክለብ ውስጥ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት ናቸው። ጋስኬቱን ሳታስገቡ ቱቦዎቹን ከነጎማቸው አቁሙና ቴስታታውን በላያቸው አስቀምጡ፣ አታጥብቁ። በሲሊንደሩና በቴስታታው መካከል የቀረውን ክፍተት በፊለር ጌጅ፣ ማለትም ውፍረታቸው በታወቀ ስስ የብረት ቅጠሎች ለኩ። ከዚያ ላይ የጋስኬቱን ውፍረት ቀንሱ። የሚተርፈው ጎማው የሚጨመቅበት ልክ ነው፣ ከ0.75 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። በመጀመሪያው ጎማ ምንም አልተረፈም፣ በሁለተኛው ከ2 በላይ ሆነ። ውፍረታቸው የተለያየ ቀለበቶች ገዝቼ እያቀያየርኩ ልኩን አገኘሁ። የመዳብ ጋስኬቱን እስኪቀላ አግዬ ውኃ ውስጥ ነከርኩት፣ እንዲለሰልስ። አሁን ሞተሩ ደረቅ ነው፤ ነጭ ጨርቅ ይዤ ብጠርገው አይቆሽሽም። ኮራሁበት።

ስለዚህ ዕቃ በሞዴል ስም አትዘዙ። የዓመቱን የመለዋወጫ መጽሐፍ ገዝታችሁ በክፍል ቁጥር እዘዙ። ቁጥሩን የማይጠይቅ ሻጭ ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉ። የሚሊ ሜትር ቁልፍም አታስጠጉ፤ ብሎኖቹ በኢንች ልክ ስለሆኑ ጭንቅላታቸውን ይበላዋል።

እንግሊዝ አገር 40 ዓመት ያለፈው ተሽከርካሪ በአብዛኛው ከዓመታዊ ምርመራ ነፃ ነው። ሕጉ ይበል፣ እኔ በየዓመቱ አስመረምራለሁ። እኛ ቦሎ የምንለውን ማለት ነው። በከበሮ ፍሬን የሚቆም የ1970 ሞተር የሌላ ሰው ዓይን ያስፈልገዋል።

የትኛው ይሻላል ካላችሁ፣ ለእኔ ከ1968 እስከ 1970 ያሉትን የሚያህል የለም። ገንዘብ ጠበብ ካለ በ1973 የመጣውን ቲ140 ፈልጉ። 750 ነው፣ የፊት ፍሬኑም ዲስክ ነው። ከዚያም ውስጥ ከ1976 ወዲህ ያሉትን ምረጡ። የአሜሪካ ሕግ አስገድዷቸው ማርሹን ከቀኝ እግር ወደ ግራ አዛውረውታል፤ አዲስ አበባ ላይ በጃፓን ሞተር ለለመደ ሰው እግሩ አይምታታበትም።