አሶሳ ተወልዶ ለአሶሳ መወዳደር

ምርጫ ሲደርስ ፎቶ ኮፒ ቤቴ ሥራ ይበዛባታል። የትምህርት ማስረጃ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የቅስቀሳ ወረቀት፤ የዕጩዎቹ ነገር ሁሉ በዚህች ጠባብ ቤት ያልፋል። የድሮው የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የምትል መስመር አለች። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው አንገቱን አስግጎ ከማሽኑ የሚወጣውን ኮፒ ሲያይ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያች ላይ ነው። ትምህርቱና ሥራው ከዚያ በኋላ ነው የሚታየው። አዲሱ ዲጂታል መታወቂያ ፋይዳ ሲመጣ መስመሯ ቀርታለች፤ እሰየው ነው። ከሰው አፍ ግን አልቀረችም። «ይሄ ደግሞ የየት አገር ሰው ነው?» ይባላል። ሰውየው እኮ ከዚህ ሁለት ሰፈር አልፎ የሚኖር ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለምርጫ የሚቀርብን ሰው «እዚህ ትኖራለህ ወይ? ችግራችንን ታውቃለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እንዲያውም ከዚህ በላይ አጥብቀን ልንጠይቅ ይገባል። «አያትህ ከየት መጡ?» ብሎ ከወንበር ማስቀረት ግን ግፍ ነው።

እኔ የተወለድኩት በ1979፣ አሶሳ ዙሪያ ካሉት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው። የመንደሮቹ ስም አምባ፣ መገሌ እየተባለ ቁጥር ይከተለዋል። እናትና አባቴ በ1977ቱ ረሃብ ከወሎ፣ ከቃሉ አካባቢ የመጡ ናቸው። ያመጣቸው መንግሥት ነው። የት እንደሚሄዱ እንኳ በደንብ አልተነገራቸውም። ቀርከሃ መነጠሩ፣ በወባ ተኙ፣ ሁለት ልጆች ቀበሩ። አባባ ያረፉትም እዚሁ ነው። ወሎን ያየሁት ከትልቅነቴ በኋላ፣ ለለቅሶ ሄጄ ነው። እዚያ ዘመዶቼ «የአሶሳዋ ልጅ» አሉኝ። እዚህ የወሎዋ ነኝ።

በወረቀትም ነገሩ እንዲሁ ነው። የክልላችን የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕገ መንግሥት የክልሉ ባለቤት ብሎ አምስት ብሔረሰቦችን ይጠራል፦ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ። ሌሎቻችን በነዋሪነት ነው የምንታወቀው። በ1999 በተካሄደው ቆጠራ አማራው ብቻውን ከክልሉ ሕዝብ ከአምስት አንዱን ይይዝ ነበር። ኦሮሞው፣ አገዉና ሌላው ሲጨመር 40 በመቶ ገደማ እንሆናለን።

ይህ ጉዳይ አንድ ጊዜ ሕገ መንግሥትን እስከሚተረጉመው ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሄዷል። የ1992ቱ ምርጫ ላይ ነው። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ታሪኩን በደንብ ያወቅሁት አድጌ ነው። በጊዜው የነበረው የምርጫ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 111/1987፣ ዕጩው የሚወዳደርበትን አካባቢ ቋንቋ ማወቅ አለበት የሚል አንቀጽ ነበረው። በርታን የሚወክለው ፓርቲ «እነዚህ ዕጩዎች በርትኛ አይችሉም» ብሎ አቤት አለ። ምርጫ ቦርድም ዕጩዎቹን ሰረዛቸው። የተሰረዙት ሰዎች አቤቱታቸውን ይዘው ወደ ላይ ሄዱ። የሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤው አንቀጹ ራሱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የሚል አስተያየት ሰጠ። ፌዴሬሽን ምክር ቤቱ ግን በመጋቢት 1995 ሲወስን አንቀጹን አልሻረም። የነቀፈው የቦርዱን አተረጓጎም ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ስለዚህ አማርኛ የሚችል ዕጩ በርትኛ አታውቅም ተብሎ ሊታገድ አይገባም አለ።

ውሳኔው ሲወጣ ምርጫው ካለፈ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነበር። የምክር ቤቱ ዘመን አምስት ዓመት ነው። ፍርድ ሲዘገይ ምን እንደሚመስል ከዚህ በላይ ምሳሌ አልፈልግም።

ውሳኔውን አከብረዋለሁ። እንደ እኔ ላለ ሰው በር ከፍቷል። ግን ልቤን አልሞላውም። ነገሩን በቢሮ ቋንቋ ነው የለካው። ምክር ቤት ውስጥ ቃለ ጉባኤ የሚያዘው በአማርኛ ነው፤ እውነት ነው። ገጠር ቀበሌ ውስጥ ልጇ ታሞባት ጤና ጣቢያው መድኃኒት የለውም ያሏት የበርታ እናት ግን ብሶቷን የምትናገረው በርትኛ ነው። ተወካይዋ አስተርጓሚ ይዞ የሚመጣ ከሆነ ግማሹን ትተወዋለች። ባሏ አጠገቧ ቆሞ ከሆነ ደግሞ ከግማሽም በላይ ትተዋለች። እኔ በርትኛ የለመድኩት ከጎረቤት ልጆች ጋር ማንጎ ስንለቅም ነው። ሱቅ ውስጥ ማመልከቻ አስጽፋ የምትሄድ ሴት በአማርኛ ስትነግረኝና በበርትኛ ስትነግረኝ ያለውን ልዩነት በየቀኑ አየዋለሁ። በአማርኛ «መሬት ተወሰደብኝ» ትላለች። በበርትኛ ማን እንደወሰደው ትነግረኛለች።

አሁን ደግሞ ወደ ተወላጁ ልምጣ። በአንዱ የምርጫ ዘመን አንድ ዕጩ እኛ መንደር ለቅስቀሳ መጣ። ስሙንም ፓርቲውንም አልጠቅስም። ግንቦት ነው፤ ማንጎ የሚደርስበት ጊዜ ነው፤ ሰዉ ትልቁ ዛፍ ሥር ተሰብስቧል። ሰውየው አሶሳ ተወልዶ በልጅነቱ የወጣ፣ አዲስ አበባ ያደገ ነው። ትላንት በአውሮፕላን ገብቶ ዛሬ በላንድ ክሩዘር መጣ። የአያቱን ስም ሲጠራ ሽማግሌዎቹ ተነቃነቁ። አያቱ የተከበሩ ሰው ነበሩ፤ እውነትም ነው። ከዚያ ስለ ልማት ብዙ ተናገረ። በመጨረሻ አንዲት ሴት ተነስታ «የእጅ ፓምፑ ከተበላሸ ከረመ፤ ውሃ ከወንዝ ነው የምንቀዳው» አለችው። «የትኛው ፓምፕ?» አላት።

በዚያ መንደር ያለው አንድ ፓምፕ ብቻ ነው። ያቆመው መኪናም ከፓምፑ አጠገብ ነበር።

ይህን ሰው ማንም «አገርህ የት ነው?» አላለውም። እዚያው ዛፍ ሥር የተቀመጠው፣ ያንን ፓምፕ ሲበላሽ በገዛ እጁ ሲጠግን የኖረው የሰፋሪ ልጅ ቢነሳና እወዳደራለሁ ቢል ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ያንን ነበር። በጣም ነው ያዘንኩት። እስካሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ነገሩ የአሶሳ ብቻ አይደለም። ባለሥልጣኖቻችን ዕድሜያቸውን አዲስ አበባ ይኖራሉ፤ ምርጫ ሲመጣ የትውልድ ቦታቸው ይታወሳቸዋል። አቶ መለስ ዜናዊ ፓርላማ የገቡት ዐድዋን ወክለው ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በ2013 ድምፃቸውን የሰጡት ተወልደው ባደጉባት በሻሻ ነው። ማንም አልገረመውም። ሕዝቡም የሚያየው እንደ ክብር ነው፤ «ልጃችን አልረሳንም» ይላል። ስሜቱን እረዳዋለሁ። ግን ለአምስት ዓመት የሚወክልህ ሰው ጎረቤትህ ቢሆን አይሻልም ወይ?

ሐረር ላይ ደግሞ ከዚህም የጠለቀ ነገር አለ። የሐረሪ ክልል ምክር ቤት 36 መቀመጫ አለው። 14ቱን የሚመርጡት ሐረሪዎች ብቻ ናቸው። ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎችም ባሉበት ሆነው ለእነዚህ መቀመጫዎች ድምፅ ይሰጡ ነበር። በ2013 ምርጫ ቦርድ ይህ አይሆንም አለ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ሰበር ድረስ ዘለቀ፤ ሐረሪዎቹ ረቱ። መስከረም 20 ቀን 2014 በተካሄደው ምርጫ ከክልሉ ውጭ ያሉትም መረጡ። መጀመሪያ ስሰማው ተናድጄ ነበር። ጀጎልን በዓመት አንዴ የሚያይ ሰው ይመርጣል፣ እዚያው የሚውል የሚያድረው የኦሮሞ ወይም የአማራ ልጅ ለ14ቱ ወንበር ድምፅ የለውም። ከዚያ ቆጠራውን አየሁ። በ1999 ሐረሪዎች በገዛ ክልላቸው ከመቶ ዘጠኝ አይሞሉም ነበር። እንዲህ ያነሰ ሕዝብ እንዳይዋጥ መፍራቱ አይፈረድበትም።

ይህንን ፍርሃት በደንብ ያስረዱኝ ጎረቤታችን ሼሁ ናቸው። በርታ ናቸው። ከአባባ ጋር ለዓመታት በአንድ መስጊድ ጎን ለጎን ሰግደዋል። የልጅ ልጃቸውን ሰርተፊኬት ኮፒ ሊያስደርጉ መጥተው ሳለ ይህንኑ ነገር አነሳሁባቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ መሬቱን ደርግ ለእናንተ ሰጠ። እኛን የጠየቀን የለም። ገበያው ላይ ያለው ሱቅ የእናንተ ነው። ቢሮ ውስጥ የሚጻፈው በእናንተ ቋንቋ ነው። ወንበሩንም ከጨመራችሁበት ለእኛ ምን ተረፈ?»

«ሼህ፣ እኔ ወሎ ብመለስ የማውቀው ደጅ የለኝም እኮ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ሂጂ ያለሽ ማን ነው? አንቺ የኛው ነሽ። እኔ የምልሽ ስለ ብዛቱ ነው» አሉኝ።

የአያታቸው እህት በባሪያ ፈንጋይ ተወስዳ የቀረች ናት። በዚህ አካባቢ እንዲህ ያለ ታሪክ የሌለበት የበርታ ወይም የጉሙዝ ቤት ማግኘት ይከብዳል። ከደጋ የመጣ ሰው ሲባል ለእነርሱ ትዝታው ምን እንደሆነ እኛ የሰፋሪ ልጆች ብዙ ጊዜ አናስበውም። የእናት አባቶቻችን ረሃብ ይታየናል፤ የእነርሱ አያቶች መፈንገል አይታየንም። ወላጆቼ የመነጠሩት ቀርከሃ ባለቤት አልባ አልነበረም። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ቡቃያውን እየቆረጠ የሚበላ፣ ከግንዱ ቤት የሚሠራ ሕዝብ ነበረው።

ግን ፍርሃትን ሰው በማግለል አናስታግሰውም። እዚሁ ክልላችን፣ መተከል ዞን ላይ በ2013 ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ሰው መጤ ተብሎ በቤቱ ታርዷል። ጉሙዙም በበቀል አልቋል። በዚያ ዓመት እዚያ ምርጫ ማካሄድ ሳይቻል ቀርቶ እስከ ሰኔ 2016 ተቆይቷል።

መፍትሔው እኮ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ፍንጩ አለ። አንቀጽ 54 በተወካዮች ምክር ቤት ቢያንስ 20 መቀመጫ ለአነስተኛ ብሔረሰቦች እንዲጠበቅ ያዝዛል። እኛም ክልል ላይ በዚሁ መንገድ መሄድ እንችላለን። ለበርታው፣ ለጉሙዙ፣ ለሺናሻው፣ ለማኦውና ለኮሞው ማንም የማይነካው መቀመጫ በሕግ ይቀመጥ፤ የሕዝብ ቁጥር ቢለወጥም አይነካ። በቀረው መቀመጫ ላይ እዚህ የሚኖር ሁሉ እኩል ይወዳደር፤ የአያቱ አገር አይጠየቅ። መኖሩ ግን በደንብ ይጠየቅ። ልጆቹ የት እንደሚማሩ፣ ሲታመም የት እንደሚታከም፣ ባለፈው ክረምት ድልድዩ ሲቆረጥ የት እንደነበረ። የአሶሳ ተወላጅ ነኝ ብሎ ከአዲስ አበባ የሚመጣውም ይህንኑ ይጠየቅ።

ይህን ለሼሁ ነገርኳቸው። መቀመጫው ላይ ተስማሙ። በቀረው ላይ አንድ ነገር ጨመሩ። «የእናንተ ልጅ ይወዳደር እሺ፤ ቤቴ መጥቶ ድምፅ ሲለምነኝ ግን በቋንቋዬ ይለምነኝ» አሉ። ትክክል ናቸው። ሕጉ አማርኛ ይበቃል ብሏል፤ ለመመዝገብ ይበቃል። እዚህ አርባ ዓመት ኖረን በርትኛ ሰላምታ ብቻ የምናውቅ ከሆነ ግን ችግሩ የእኛ ነው።

ከሰፈራ መንደራችን አንድ ወጣት አለ፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። በሚቀጥለው ለወረዳ ምክር ቤት ልወዳደር እያለ ነው። የበርታውም የሰፋሪውም ፍየል ሲታመም በሌሊት የሚጠራው እሱ ነው። የፍየል በሽታ ስም በርትኛ አንድ በአንድ ያውቃል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ሲነሳ ግን ይደናገራል። ከሼሁ የልጅ ልጅ ጋር አገናኘኋቸው። ማታ ማታ ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ እዚሁ ቁጭ ብለው ይማራሉ። የቅስቀሳ ወረቀቱን በነጻ አትምልሃለሁ ብዬዋለሁ፤ ግን በሁለቱም ቋንቋ ጽፎ ሲያመጣ ነው።